ከአሥር ሁለት ያገኘው ትዳሬ

«ጥንቁቅ ሰው አይድከም» የሚል ምርቃት ቢኖር ኖሮ በየጧቱ ራሴን እመርቅ ነበር። የለም። ጥንቁቅ ሰው ሲደክም ይኖራል። እኔ በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ መቆለፌን ለማየት ከመንገድ የምመለስ፣ ተመልሼም ዓይኔን የምጠራጠር ሴት ነኝ። ባልደረቦቼ «እሷ ስታማትብ እንኳ ጣቶቿን ቆጥራ ነው» ይሉኝ ነበር። ይበሉ፣ ሐሰት አልተናገሩም። ዛሬ የማወጋችሁ ይኸው ጥንቃቄዬ አንድ ምንም ያላደረገኝን ሰው ሊገድልብኝ ምን ያህል እንደ ቀረው ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። የባልትና አስተማሪ ሆኜ ከጎሬ ባሕር ዳር ተመደብኩ። ጎሬን ለማያውቅ ልንገረው፦ አውቶብሱ ካልተበላሸ፣ ድልድዩም በጎርፍ ካልተወሰደ በአራት ቀን ይደረሳል። ደብዳቤ ግን እንደ ሰው አይቸኩልም፣ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ለሌላዋ ሴት እናትና አባት፣ አጎትና አክስት ተሰብስበው የሚመረምሩላትን ነገር እኔ ብቻዬን መመርመር ነበረብኝ። ዕድሜዬም ሠላሳ አራት ሞልቶ ስለነበር ነገሩን ለሌላ ጊዜ የማሳድርበት ሰፊ ቦታ አልነበረኝም።

የሚመረመረው ነገር አቶ ጥሩነህ ይባላል። የደልጊ ሰው ነው፤ ሐይቁ ላይ የመንግሥት ጀልባ ይነዳል። ሚስቱ ከሞተችበት ስድስት ዓመት ሆኖታል። ቃል እንደ ስኳር በቀበሌ ኩፖን የሚታደል ይመስል ቆጥቦ ነው የሚናገር። አከራዬን እትዬ ድንቄን ሽማግሌ አድርጎ ላከብኝ። እትዬ ድንቄ ደግሞ የሰባት ሽማግሌ አፍ ያላት ሴት ነች። ነገሩን አስረዳችኝ። መሥሪያ ቤቱ ለደልጊ አንድ ነጂ ይፈልጋል፤ የሚልከውም ቤተሰብ የሌለውን ነው። በኅዳር አጋማሽ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ጾም ከገባ ሠርግ የለም። ከዚያ በፊት ካገባ ባሕር ዳር ይቀራል፣ አለዚያ ይሄዳል።

«ወይ እሺ በይው፣ ወይ እምቢ በይው፤ ሰውየውን እንደ ጥሬ ሥጋ ቋንጣ አታድርጊው» አለችኝ።

መረመርኩ። ዘር ቆጠራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ጎሬና ደልጊ በሰባት ቤት አይገናኙም። የንስሐ አባቱን አስጠየቅኩ፣ መልካም አሉ። ይጠጣ እንደሆነ አስጠየቅኩ፣ በበዓል ቀን ብቻ ተባልኩ። ለሞተችው ሚስቱ ተዝካር ማውጣቱን ሰማሁ። እዚህ ላይ እሺ ብዬ እንቅልፌን መተኛት ነበረብኝ። እኔ ግን በሩን ለማየት ተመለስኩ።

የተመለስኩት ወደ ሚስስ ካማላ ቤት ነው። ሚስስ ካማላ የሒሳብ አስተማሪያችን የሚስተር ራጃን ሚስት ነች። በዚያ ዘመን ልጆቻችንን ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስተምሩ ሕንዶች ብዙ ነበሩ፤ እነዚህ ከሕንድም ከደቡቡ፣ የታሚል ሕዝብ ከሚኖርበት አገር የመጡ ናቸው። ግድግዳ የሚለየን ጎረቤታሞች ነን። እንደ እኔ አገሯ ሩቅ ነው፤ እንደ እኔም ጸሎት ታበዛለች። ጧት ለአማልክቷ መብራት ስታበራ እኔ በነጠላዬ ሥር አማትቤ አልፋለሁ፤ እሷም እንዳላየች ትሆናለች። መጀመሪያ ያቀራረበን ጾም ነው። ሥጋ የሚባል በአፏ አይዞርም። ዓመቱን ሙሉ የምትጾም ሴት አገኘሁ ብዬ ሳከብራት ቆይቼ፣ አንድ ዓርብ ቀን ወተት ስትጠጣ ደረስኩባት። ጾሙን ጀምራ መንገድ ላይ የምትደክም መሰለችኝ። ድካምን ደግሞ ስለማውቀው ይበልጥ ወደድኳት።

አንድ ቀን ከሰዓት አብረን ስንሰፋ ስለ ጥሩነህ ነገርኳት። በእንግሊዝኛ የጀመርነውን በአማርኛ እንጨርሳለን፤ እንደምንም እንግባባለን። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ይጠጣ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ኮከቡ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አየችኝ።

«ታዲያ ቲቸር፣ ምኑን ነው ያወቅሽው?»

በእነሱ አገር ሰው ከመጋባቱ በፊት የወንዱና የሴቷ የልደት ኮከብ ጎን ለጎን ይቀመጥና በአሥር ነጥብ ይመዘናል። ፖሩታም ይሉታል፤ መግጠም እንደ ማለት ነው። ኮከብ መቁጠር ኃጢአት መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እትዬ ድንቄ «ስምሽንና የእናትሽን ስም ደምሮ የሚያይ ደብተራ አለ» ስትለኝ ጸበል እስከ መርጨት ደርሻለሁ። ሚስስ ካማላ ግን «ከአሥር» አለች። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ። ከአሥር የሚታረም ነገር ኃጢአት አይመስለኝም፣ ፈተና ነው የሚመስለኝ። እነሱስ ስንት እንዳገኙ ጠየቅኳት። ከአሥር ዘጠኝ። እነዚህ ባለ ዘጠኞች ማታ ማታ ስለ ወጥ ጨው ሲጨቃጨቁ በግድግዳው በኩል እሰማቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ይህ ትዝ አላለኝም። የእኛ ስንት ይሆን ብቻ ነበር ሐሳቤ።

ለዚህ የተወለድንበት ቀን፣ ሰዓትና ደቂቃ ያስፈልጋል። ደቂቃ። በእኔ ፋይል ላይ ያለው ዓመት ብቻ ነው፤ እሱም ትምህርት ቤት ስገባ መዝጋቢው ጥርሴን አይቶ የጻፈው ነው። ያለኝ የክርስትና ካርድ ነበር፤ ጥር ሃያ አራት ቀን መጠመቄን ይናገራል። የጥሩነህን ካርድ እትዬ ድንቄ «ለጋብቻው ወረቀት ይፈለጋል» ብላ አመጣችልኝ፤ ይህችን ውሸት ለንስሐ መዝግቤ ያዝኳት። ሚስስ ካማላ ሰው ከተወለደ በስንት ቀኑ እንደሚጠመቅ ጠየቀችኝ። የጥሩነህ ካርድ በእጄ ስለነበር «በአርባ ቀኑ» አልኳት። እሷም ከሁለቱም ካርድ ላይ አርባ አርባ ቀን ወደ ኋላ ቆጠረች። የእኛን ዘመን ወደ እነሱ ዘመን መለሰች። ባሏ አረመው። ከሒሳብ አስተማሪ ቤት የወጣን ቁጥር እኔ ምን ብዬ እመረምራለሁ? ታኅሣሥ አሥራ አራት ቀን ተወለድሽ ተባልኩ፤ እሺ አልኩ።

ሰዓቱን ለማወቅ ለእናቴ ጻፍኩ። የጥሩነህን አክስቱ «ከብቶቹ ከመስክ ሲገቡ» አለች ተባለ። የእናቴ መልስ በስድስተኛው ሳምንት ደረሰ። «ልጄ፣ ታመሽ ነው ወይ? እኛ ቤት ሰዓት ነበረ ወይ? ካህናቱ ከቅዳሴ ሳይወጡ ነው የወለድኩሽ፤ አባትሽም ቤተ ክርስቲያን ስለነበር አልደረሰልኝም» ይላል። ሚስስ ካማላ ካህናቱ ስንት ሰዓት ከስንት እንደሚወጡ ጠየቀች። እዚህ ላይ አዋቂነቴ ተነሣብኝ። ታኅሣሥ ጾም ነው፤ በጾም ቅዳሴው ከሰዓት ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ተኩል አልኳት። ይህን በማስላቴ የተሰማኝን ኩራት እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ ቀን ሚስስ ካማላ ጠራችኝና ቁጭ በይ አለችኝ። ቁጭ በይ የሚባል ሰው ምን እንደሚነገረው የታወቀ ነው።

ከአሥር ሁለት።

በተማሪነቴም በአስተማሪነቴም እንዲህ ያለ ውጤት ያየሁት አንድ ተማሪ በወባ ታሞ ሲፈተን ብቻ ነው። ዝርዝሩን ነገረችኝ። እያንዳንዱ ኮከብ የራሱ እንስሳ አለው፤ እኔ ነብር ነኝ፣ እሱ እባብ። ሰው ሁሉ በሦስት ወገን ይከፈላል፦ የአማልክት፣ የሰውና የአጋንንት። ጥሩነህ ከአማልክት ወገን ሆነ። ኪዳን ሳላደርስ ውዬ የማላውቀው እኔ ከአጋንንት ወገን። ይህም ሁሉ ይሁን። የመጨረሻው ገመድ የሚሉት ነው። ከዋክብት በሰው ገላ ላይ ከእግር እስከ ራስ በአምስት ገመድ የታሰሩ ናቸው፤ የሁለት ተጋቢዎች ኮከብ አንድ ገመድ ላይ ከዋለ ገመዱ እዚያው ላይ ይጠብቃል። የእኛ ሁለቱም ራስ ላይ ውሏል።

«ራስ ላይ ሲሆን ባል አይቆይም» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ሰንጠረዡን የሣለችበትን ወረቀት አጥፋ በእጄ አስያዘችኝ።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ሳለቅስ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ሦስት ወር ሙሉ እንደ ጤፍ ሳበጥረው የከረምኩት ሰው ነው፤ ወድጄዋለሁ ብዬ ለራሴም ተናግሬ አላውቅም። ይሞትብኛል ሲሉኝ እንባዬ ከየት መጣ? እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ካገባሁት እገድለዋለሁ፣ ከተውኩት ደልጊ ሄዶ በጤና ይኖራል።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘጌ ላሉት የንስሐ አባቴ ልነግራቸው ወደ ጀልባ ማረፊያው ሄድኩ። ጥበቃው ቦርሳዬን ፈተሸ። ከጸሎት መጽሐፌ መካከል ወረቀቱን አወጣው። አራት ማዕዘን፣ ዙሪያውን አሥራ ሁለት ክፍል፣ በየክፍሉ ማንም የማያውቀው ፊደል። በወታደር የሚጠበቀው የዓባይ ድልድይ ደግሞ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ጥበቃው ወረቀቱን አዟዙሮ አየና እኔን አየ። ወደ ቀበሌ ተወሰድኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር አዳራሹ ውስጥ ለከሰዓቱ ስብሰባ አግዳሚ ወንበር ያስደረድር ነበር። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዞ መረመረው።

«መምህርት፣ ይህ ኮድ ነው ወይስ ጥንቆላ?»

ኮድ ነው የተባለ ሰው የት እንደሚገባ በዚያ ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ጥንቆላ ነው አልኩ። በሕይወቴ ይህን ቃል በደስታ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሊቀመንበሩም የቀለለው መሰለኝ፤ እሱም ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። ኋላ ቀር አስተሳሰብ መሆኑን አስረድቶኝ፣ በከሰዓቱ ስብሰባ ሕዝብ ፊት ግለ ሂስ እንዳደርግ አዘዘኝ።

እንግዲህ እኔ ሥራን በግማሽ አልሠራም። ወጥቼ ስቆም አጠገቤ ጥቁር ሰሌዳ አየሁ፤ ለመሠረተ ትምህርት የሚያገለግል ነው። ጠመኔም ነበረ። እጄ ለመደበት ሄደ። ሰንጠረዡን ሣልኩ። ጥፋቴን በትክክል ለማሳወቅ አሥሩንም ነጥብ በተራ አስረዳሁ። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ። አንዷ እጅ አውጥታ፣ ሴቷ ነብር ወንዱ ላም ቢሆንስ ብላ ጠየቀች። መለስኩላት። ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አሳለ።

«ጓዲት፣ ሂስ አድርጊ አልን እንጂ አስተምሪ አልን?»

ለማሳጠር ብዬ በቀጥታ ወደ ገመዱ ሄድኩ። ባልየው እንደሚሞትም ተናገርኩ። አንድ ሽማግሌ ሟቹ ማን እንደሆነ ቢጠይቁ፣ እኔ ስሙን ላለመጥራት ወደ ሰሌዳው ስዞር፣ እትዬ ድንቄ ከመሐል ሆና «ጥሩነህ ነው እንጂ፤ ያውና» አለች።

ሰው ሁሉ ዞረ። ጥሩነህ ኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አጠገቡ የነበረው ሰው ትንሽ ፈቀቅ አለለት። ጥሩነህ ባርኔጣውን አደረገና ወጣ። አገሬው መርዶ ሲነግር በማለዳ፣ ዘመድ አሰባስቦ ነው። እኔ ለሟቹ ለራሱ በስብሰባ ነገርኩት።

ከማግስቱ ጀምሮ የሚስስ ካማላ ደጅ በሴት ተሞላ። የልጃቸውን፣ የእኅታቸውን፣ የራሳቸውን የክርስትና ካርድ ይዘው ተሰልፈዋል። ሚስስ ካማላ ደስ ብሏታል፤ አገሯ የገባች መሰላት። እትዬ ድንቄ ግን ለእኔ ሰላምታዋን አቋረጠች። በሦስተኛው ቀን ደጄ ላይ ቆማ፣ ጾሙ ሊገባ ዘጠኝ ቀን መቅረቱን፣ የጥሩነህ የዝውውር ደብዳቤ መጻፉን፣ የሚቀረው ፊርማ ብቻ መሆኑን ነግራኝ ሄደች።

ቅዳሜ ወደ ዘጌ ተሳፈርኩ። በዚያ ቀን የሚሄደው ጀልባ አንድ ነው፤ ነጂውም ያው ነው። ስሳፈር እጁን ሰጠኝ፣ ደግፎ አስገባኝ፣ ዞሮ ሞተሩን አስነሣ።  ሐይቁ መሐል ስንደርስ ሞተሩ አጉረመረመና ዝም አለ፤ የዓሣ አጥማጅ መረብ ሥሩ ተጠምጥሞበታል። ጥሩነህ ሸሚዙን አወለቀ፣ ቢላ በጥርሱ ነከሰና ወደ ውሃው ገባ። ቆየ። እኔ የጀልባውን ጠርዝ ይዤ አባታችን ሆይን ጀመርኩ፤ መሐሉ ጠፋኝ፤ እንደገና ጀመርኩ። በመጨረሻ «ጌታ ሆይ፣ ገና አላገባሁትም» አልኩ፣ ሕጉን እንደሚያስታውስ ጠበቃ። አብረውኝ የተሳፈሩት ነጋዴዎች ሰሙኝ። ጥሩነህ ወጣ፣ ሁለት ጊዜ አነጠሰ፣ ሞተሩን አስነሣ።

የንስሐ አባቴ ከቡናው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ውሸቷን፣ ኩራቱን፣ ሰንጠረዡን፣ ጥቁር ሰሌዳውን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። አርባ ቀን ወደ ኋላ መቁጠራችንን ስነግራቸው ዓይናቸውን ገለጡ።

«የማን ነው አርባ ቀን?»

«የሁለታችንም፣ አባቴ።»

«አንቺ ወንድ ነሽ?»

 ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። እኔ ራሴ አራት ሴት ልጆች በሰማንያ ቀናቸው ክርስትና አንሥቻለሁ፤ ሰማንያውን ለእናቶቻቸው የቆጠርኩላቸውም እኔ ነኝ። የራሴን ስቆጥር አርባ ቀን ጠፋኝ። እንግዲህ የተወለድኩት ታኅሣሥ አይደለም፣ ኅዳር አራት ነው። ጾም ገና አልገባም። ቅዳሴውም የጧት ነው። ቀኑም ሰዓቱም ኮከቡም ተሳስቷል። ባሕር ዳር ደግሞ ያ ሁሉ ተሰልፎ የከረመ ሴት ልጅ በአርባ ተቆጥሯል።

«እንግዲያው ትክክለኛው ስንት ይሆን?» አልኩ፣ ሳላስበው።

አባ ያን ጊዜ ነው የተቆጡት። ስግደት አላዘዙኝም። ንስሐዬ ዳግመኛ አለመቁጠር ሆነ። ሴትዮዋ ብትቆጥር እንኳ ወረቀቱን እንዳላይ፣ ብትነግረኝም ጆሮዬን እንድይዝ አዘዙኝ። በመቶ ስግደት እንዲለውጡልኝ ለመንኳቸው። ሁለት መቶ አልኩ። ሦስት መቶ ስደርስ መስቀላቸውን አነሡ።

«ስግደትማ አንቺን ያሳርፍሻል» አሉኝ። «ሂጂ፤ ሳታውቂ ወስኚ።»

በመልሱ ጉዞ ሰው ጥቂት ነበር። ከኋላ ወደ ነጂው ተጠግቼ ቆምኩ። ቁጥሩ ስሕተት እንደነበር፣ ትክክለኛውን እንደማላውቀው፣ እንዳላውቀውም መገዘቴን ነገርኩት። በስብሰባው ስላደረግኩት ነገር ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱ ውሃውን እያየ ሰማኝ። ባሕር ዳር ዛፎቿ መታየት ሲጀምሩ አፉን ከፈተ።

«እኔም አስቆጥሬ ነበር።»

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ ደልጊ ሄዶ፣ ስሜንና የእናቴን ስም ለአንድ ደብተራ ሰጥቶ። የእናቴን ስም እትዬ ድንቄ ናት ያቀበለችው። ደብተራው ምን እንዳሉት ጠየቅኩት።

«‹ተዋት፣ ዕድሜህን ታሳጥረዋለች› አሉኝ።»

 አንዱ በታሚል፣ አንዱ በግዕዝ፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ። የአባ ግዝት ባይኖር እዚያው ላይ እምቢ ባልኩት ነበር።

«ታዲያ ይህን ሰምተው ለምን ላኩብኝ?»

መሪውን ትንሽ አዞረ።

«እኔ ሃያ ዓመት ሐይቅ ላይ አለሁ፣ መምህርት። ስድስቱን ዓመት ቤቴ ገብቼ የማናግረው ሰው የለም። እንዲህ ሆኖ የረዘመ ዕድሜ ምን ያደርግልኛል ብዬ ላክሁ።»

ይህ ሰው በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። የወሩን ኩፖን በሙሉ አወጣ ማለት ነው። እኔም እሺ አልኩት። ሳልቆጥር፣ ሳልጠይቅ፣ በሩን ለማየት ሳልመለስ። ምን አልሽ ብሎ ጠየቀኝ፤ ለካ በሞተሩ ጩኸት አልሰማኝም። ደግሜ አልኩት።

ጾሙ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ተጋባን። የዝውውር ደብዳቤው ሳይፈረም ቀረ። ሚስስ ካማላ አዲሱን ስሌት ሠርታ አንድ ሳምንት ሙሉ ባየችኝ ቁጥር ፈገግ ትላለች፤ እኔ በእጄ ጆሮዬን ይዤ አልፋለሁ። ፈገግታ ስንት ከአሥር እንደሆነ ለማወቅ መሞከር ራሱ መቁጠር ነው ወይ ብዬ አባን ልጠይቅ አስቤ ተውኩት።

ኃላፊነት ግን ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት አገር የመሰከረበትን ሰው ተረክቤአለሁ። ጧት ስለ ነፋሱ እጠይቀዋለሁ። መሰላል እንዳይወጣ እከለክለዋለሁ። የሚበላውን ዓሣ እሾህ አንድ በአንድ ለቅሜ አስቀምጥለታለሁ። አንድ ሰዓት ከዘገየ ካፖርቱን ይዤ ማረፊያው ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ ጥበቃው ቦርሳዬን መፈተሽ ትቶ ወንበር ያወጣልኛል። አንድ ምሽት ላይ ጥሩነህ ጀልባውን አስሮ ወረደ። እኔ በካፖርቱ ላይ ሻሽ ልጨምርለት ስታገል ጓደኞቹ ቆመው ያያሉ። ዝም ብሎ አስጠመጠመ። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ብቻ፣ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሶ፣

«ለካ ደብተራው እውነቱን ኖሯል» አለኝ፤ «ዕድሜዬን የምታሳጥሪው እንዲህ እንዲህ እያልሽ ነው።»